ጉምጉም ለሚል የቲዩብ አምፕሊፋየር ባላንስድ ግብዓት አሠራር

አጎቴ ከአሜሪካ ሲመለስ ይዞልኝ የመጣው አሮጌ ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 የቲዩብ አምፕሊፋየር (አምፕ) ሳሎኔ ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል። ይህ አምፕ እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ላይ የወጣ፣ በየቻናሉ 35 ዋት የሚሰጥ፣ አራት ኢኤል34 ቲዩቦች የተሸከመ ከባድ ብረት ነው። ዘፈን ሲጫወት ልብ ይሰርቃል። ዘፈኑ ጋብ ሲል ግን «እምምምም» ይላል። ላፕቶፕ ስሰካበት ይብስበታል። የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳ ስነቅል ጭጭ ይላል።

አንድ የሠፈር ቴክኒሻን ይህን ሰምቶ «ኧርዙን ቁረጠው፣ ይገላግልሃል» አለኝ። አልቆረጥኩም። እናንተም እንዳትቆርጡ። በዚህ አምፕ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ። ከግድግዳ የሚመጣው የመብራት ሽቦ ተላቆ ሻሲውን (የአምፑን የብረት አካል) ቢነካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት በሚወስደው የኧርዝ ሽቦ ወርዶ ፊውዙ ይቃጠላል። ኧርዙ ከሌለ የሚወርደው በእናንተ በኩል ነው። ጉምጉምታን የምናጠፋው በሌላ መንገድ ነው፤ ለአምፑ ባላንስድ ግብዓት በመሥራት።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ባላንስድ ግብዓት የሚፈታው ከውጭ በገመድ የሚገባ ጉምጉምታን ብቻ ነው። አምፑ ራሱ ታሞ ከሆነ ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ከማይረባ ገመድ ላይ ሁለት የአርሲኤ (የተለመደው ባለ አንድ ፒን የድምፅ ገመድ) ጫፎች ቁረጡ። የእያንዳንዱን የመሃል ፒንና የዳር ቀለበት በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ በይዱ። አምፑን አጥፉ፣ ሁለቱን ጫፎች ግብዓቶቹ ላይ ሰኩ፣ ስፒከሮቹ መያዛቸውን አረጋግጡና አብሩ። ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር አይበራም፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ቲዩቦቹ እስኪሞቁ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ጆሯችሁን ስፒከሩ ላይ አድርጉ።

አሁንም ጉምጉም ካለ ችግሩ ውስጥ ነው። ያረጀ ፊልተር ካፓሲተር፣ የደከመ ቲዩብ ወይም የተበላሸ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ መመለሻ) ሊሆን ይችላል። እሱን አስጠግኑና ወደዚህ ተመለሱ። ፀጥ ካለ ግን ጉምጉምታው የሚመጣው ከሙዚቃ ምንጩና ከገመዱ ነው። የቻርጀሩ ሙከራም ይህንኑ ያረጋግጣል። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ፀጥ ካለ፣ ቻርጀር ሲሰካ ከጮኸ፣ መድኃኒታችሁ ይህ ጽሑፍ ነው። መብራት ሲሄድማ ጉምጉምታውም አብሮ ይሄዳል፤ ያ ግን እንደ መፍትሔ አይቆጠርም።

ባላንስድ ማለት ምን ማለት ነው?

የአርሲኤ ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ድምፁን ይወስዳል። ሌላው ድምፁን ይመልሳል፣ ከውጭ ጫጫታ የሚጋርድ ሽልድም ይሆናል፣ የሁለቱን ዕቃዎች ሻሲም ያገናኛል። ሦስት ሥራ ለአንድ ሽቦ። የላፕቶፕ ቻርጀር ሁልጊዜ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያፈሳል። ላፕቶፑ ተሰክቶ የብረቱን ጠርዝ በጣታችሁ ስትዳብሱት የሚነዝራችሁ እሱ ነው። ያ ፍሳሽ በመመለሻው ሽቦ ሲሄድ ሽቦው ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥራል። አምፑ ደግሞ ይህን ከሙዚቃው ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ አብሮ ያጎላዋል።

ለባላንስድ በሚያገለግለው ክብ ሶኬት፣ በኤክስኤልአር፣ ሦስት ፒን አለ። ድምፁ በፒን 2 እና በፒን 3 ይሄዳል። ፒን 1 ሽልዱ ነው። ተቀባዩ የሚያየው በ2 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የሱቅ ሚዛን አስቡ። ሁለቱም ሳህኖች ላይ እኩል አቧራ ቢያርፍ ሚዛኑ አይነቃነቅም። በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል የገባ ጉምጉምታም እንደዚያው ይጣፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ባላንስድ የሚባለው አንዱ ሽቦ የሌላውን ተቃራኒ ድምፅ ስለሚይዝ ነው» ይባላል። አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ሁለቱ ሽቦዎች ወደ ግራውንድ ያላቸው ኢምፒዳንስ (ለድምፁ ኤሌክትሪክ የሚያሳዩት ተቃውሞ) እኩል መሆኑ ነው። ጄንሰን ትራንስፎርመርስ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ለዓመታት የመራው ቢል ዊትሎክ ይህን ለማስረዳት ብዙ ደክሟል። ድምፁ በፒን 2 ብቻ ቢመጣና ፒን 3 ላይ እኩል ሬዚስተር ብቻ ቢኖርም ጉምጉምታው እኩል ይጣፋል።

ታዲያ ልዩነቱን ማን ያይልናል? የዳይናኮው መግቢያ በየቻናሉ አንድ 7199 ቲዩብ ነው። እሱ የሚያውቀው አንድ ሽቦና ግራውንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የኤክስኤልአር ሶኬት ገጥሞ ፒን 3ን ከግራውንድ ጋር በይዶ መተው ጥቅም የለውም። አፉ የተቀየረ አርሲኤ ነው የሚሆነው። እንዲህ የተሠሩ አምፖች አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ «ባላንስድ ነው» ብለው ሲኮሩባቸው። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ አንዳንድ ምንጮች ፒን 3ን በራሱ ሰርኪዩት ነው የሚነዱት። እሱን ግራውንድ ላይ መበየድ ያንን ሰርኪዩት ሾርት ማድረግ ነው።

ለእኛ የሚሆነው ትራንስፎርመር ነው። ፕራይመሪው (የመግቢያው የሽቦ ጥቅል) በ2 እና በ3 መካከል ይንሳፈፋል። ሴኮንደሪው (የመውጫው ጥቅል) ለአምፑ የሚያውቀውን አንድ ሽቦና ግራውንድ ይሰጠዋል። በሁለቱ መካከል የሽቦ ግንኙነት የለም፣ መግነጢስ ብቻ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ከባላንስድ ሥራው በተጨማሪ የሁለቱን ዕቃዎች ግራውንድ ይለያያል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው ወጪ ሁለት የመስመር ግብዓት ትራንስፎርመር ነው፤ ምጥጥኑ አንድ ለአንድ፣ ለ10 ኪሎኦም ጭነት የተሠራ፣ መግነጢስን በሚጋርድ በሚዩ ሜታል ጣሳ የታሸገ ይሁን። ጄንሰን፣ ሉንዳልና ሲኔማግ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። እኔ መርካቶ ፈልጌ አጥቼ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው ያስመጣሁት። ውድ ነው፤ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ከተበላሸ ሞደም ላይ የተፈታ ትንሽ የስልክ ትራንስፎርመርም ለሙከራ ይሆናል። ጉምጉምታው መጥፋቱን ታዩበታላችሁ። ነገር ግን ስልክ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ነው። ከበሮና ቤዝ ጊታሩ ይጠፋባችኋል። ቲዩብ አምፕ ገዝቶ የስልክ ድምፅ መስማት ደግሞ ያሳዝናል።

የቀረው ቀላል ነው። ሁለት ሴት የኤክስኤልአር ሶኬት፣ ሁለት የአርሲኤ ሶኬት፣ አንድ ፐርሰንት የሆኑ 6.8 እና 3.3 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሁለት ሁለት፣ 10 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ሁለት፣ ትንሽ ሽልድ ያለው ሽቦ፣ ብሎን፣ ዳዶና ጥርስ ያለው ሮንዴላ። ሳጥኑን ከብረት ላሜራ አሠሩት። አልሙኒየም ለመብሳት ይመቻል፣ ያምራልም፤ የመብራቱን የ50 ኸርዝ መግነጢስ ግን አይከላከልም።

ለምን በሳጥን?

ዳይናኮው ከሥር ጠባብ ነው፤ ሦስቱ ትላልቅ ትራንስፎርመሮችም ከላይ ተኮልኩለዋል። ከዚያ ሁሉ መግነጢስ አጠገብ ስስ የግብዓት ትራንስፎርመር መወሸቅ አይመከርም። በዚያ ላይ የ1959 ዓይነት ሻሲ መብሳት ልቤ አልቻለም። ሳጥኑ መብራት ስለሌለው ደግሞ ሥራው ሁሉ ያለ አደጋ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚህ ጀምሩ። አምፓችሁ ሰፊ ሻሲ ካለው ውስጥ ስለ ማስገባት ከታች እነግራችኋለሁ።

ቀዳዳና አቀማመጥ

ደረጃውን የጠበቀ የፓናል ኤክስኤልአር ሶኬት 24 ሚሊሜትር ቀዳዳና ሁለት የ3 ሚሊሜትር ብሎን ይፈልጋል። በትራፓኖ መሪ ቀዳዳ ብሱና ሾጣጣ ባለ ደረጃ መብሻ አስፉት። መብሻው ከሌለ ዙሪያውን በትንንሽ ቀዳዳዎች ከቦ መቁረጥና በሞረድ ማስተካከል ነው። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል። ሶኬቶቹ ሴት መሆናቸውን አትርሱ፤ ወንዱ ሁልጊዜ ድምፅ የሚወጣበት ጎን ነው።

ቀለም የተቀባ ላሜራ ከሆነ ግራውንድ የሚነካበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፋቁት። ለዚያ ነው ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስፈለገው።

ሽቦው

ለእያንዳንዱ ቻናል እንዲህ ነው። ፒን 2ን በፕራይመሪው ነጥብ ምልክት ወዳለበት ጫፍ፣ ፒን 3ን ወደ ሌላው ጫፍ በይዱ። ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ግመዷቸው፣ እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ፒን 2 ዋናው እንዲሆን የወሰነው የኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ የ1992 ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ አንዳንድ ዕቃዎች ፒን 3ን ዋና ያደርጉ ስለነበር አሮጌ ሚክሰር ካላችሁ ልብ በሉ።

ፒን 1ን በቀጥታ ከሳጥኑ ጋር አታገናኙት። በ10 ናኖፋራዱ ካፓሲተር በኩል ብቻ ይያያዝ። ሽልዱ በምንጩ በኩል ግራውንድ ስለሆነ ይበቃዋል። ካፓሲተሩ የሬዲዮ ሞገድን ወደ ሳጥኑ ያወርዳል፣ የ50 ኸርዙን ፍሳሽ ግን አያሳልፍም። በቀጥታ ብትበይዱት ፍሳሹ በሳጥኑ በኩል ወደ አርሲኤ ገመዱ ገብቶ ልፋታችሁን ሁሉ ገደል ይከተዋል።

በሴኮንደሪው በኩል የነጥቡን ጫፍ ከ6.8 ኪሎኦሙ ሬዚስተር ጋር፣ የሬዚስተሩን ሌላ ጫፍ ከአርሲኤው የመሃል ፒን ጋር አገናኙ። 3.3 ኪሎኦሙ ከመሃል ፒኑ ወደ ቀለበቱ ይሂድ። የሴኮንደሪው ሌላ ጫፍም ወደዚያው ቀለበት። ቀለበቱ ከሳጥኑ ጋር ይገናኝ። የትራንስፎርመሩ ጣሳና የውስጥ ሽልድ ሽቦም ወደ ሳጥኑ ይሂዱ።

እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው አልመጡም። ዳይናኮው ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት የሚፈልገው 1.3 ቮልት ገደማ ነው። ብዙ የዘመኑ ዲጂታል መቀየሪያዎች (ዳክ የሚባሉት) በኤክስኤልአር 4 ቮልት ያወጣሉ። 3.3ን ለ10.1 ስታካፍሉ ወደ 0.327 ይመጣል፤ በ4 ስታባዙት 1.3 ቮልት። ትራንስፎርመሩም የሚወደውን 10 ኪሎኦም ጭነት ያገኛል። ይህ ጭነት ቸል አይባልም። ጭነቱ ሲጎድል አንዳንዱ ትራንስፎርመር ቀጭኑ ድምፅ ላይ ይጮህና ሲምባሉ ጆሮ ይወጋል።

ምንጫችሁ ሚክሰር ከሆነና መደበኛ ደረጃው 1.23 ቮልት ከሆነ ሁለቱ ሬዚስተሮች የሚሠሩት የቮልት መቀነሻ አያስፈልግም። የ6.8 ኪሎኦሙን ቦታ በሽቦ ተኩ፣ በ3.3ው ምትክ 10 ኪሎኦም አድርጉ። ትራንስፎርመራችሁ ሌላ ጭነት የሚጠይቅ ከሆነ ከእሱ ጋር የመጣው ወረቀት ከእኔ ይበልጣል።

ከመሰካት በፊት መለካት

መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ። ከፒን 2 እስከ 3 የፕራይመሪው የሽቦ ሬዚስታንስ ይነበባል፤ በሁለቱ ቻናሎች ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከፒን 2 ወደ ሳጥኑ ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ከፒን 1 ወደ ሳጥኑም እንዲሁ። ከአርሲኤው ቀለበት ወደ ሳጥኑ ዜሮ ነው። ከአርሲኤው የመሃል ፒን ወደ ቀለበቱ 2.2 ኪሎኦም አካባቢ ታነባላችሁ። 315 ኦም ገደማ ካያችሁ፣ የሬዚስተሩን የቀለም ቀለበቶች ተሳስታችሁ በ3.3 ኪሎኦም ቦታ 330 ኦም በይዳችሁ ነው። እኔ አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጥቁርና ቡናማ አንድ ይመስላሉ።

መስማት

አምፑ ጠፍቶ ሳጥኑን በአጭር አርሲኤ ገመድ ሰኩ። ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሁለቱን ገመዶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እሰሩ፤ ተራርቀው ከሄዱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እንደ አንቴና መግነጢስ ይሰበስባል። ዳይናኮው ቮሊዩም ስለሌለው የምንጩን ቮሊዩም እስከ ታች አውርዱ። ከዚያ አብሩ።

ጥቂት ጉምጉምታ ከቀረ ሳጥኑን በእጃችሁ አንሱና አዙሩት። ድምፁ ከተለዋወጠ መግነጢስ ነው፤ ከአምፑ የመብራት ትራንስፎርመር አርቁት ወይም በጣም ፀጥ በሚልበት አቅጣጫ አስቀምጡት። የእኔ ሳጥን በጎኑ ሲቆም ነው ፀጥ ያለው። አያምርም፣ ግን እንደዚያው ቆሟል። ብታዞሩትም ድምፁ ካልተለወጠ የግራውንድ ጉዳይ ነው። ፒን 1 በስህተት ሳጥኑን ነክቶ እንደሆነ እንደገና ለኩ።

ቀጥሎ አንድ ድምፃዊ መሃል ላይ የሚሰማበት ዘፈን አጫውቱ። ድምፁ መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ከተቀመጠ ጨርሳችኋል። ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀና ቤዙ ከሳሳ፣ በአንዱ ቻናል ላይ 2 እና 3 ተገላብጠዋል። የዚያን ቻናል ብቻ አዙሩ።

ውስጥ ማስገባት ለምትፈልጉ

እዚህ ጨዋታው ይለወጣል። አምፑን አጥፉ፣ ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ፊልተር ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በደንብ የተሸፈነ እጀታ ባለው መቆንጠጫ ላይ 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አድርጋችሁ ከካፓሲተሩ ወደ ሻሲ አሲዙ። ጥቂት ጊዜ ጠብቁና በመልቲሜትር ለኩ። ከ10 ቮልት በታች ሳይሆን እጃችሁን አታስገቡ። በካቻቪቴ ሾርት የሚያደርጉ አሉ፤ ብልጭታው ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል። ስትለኩ አንድ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ብቻችሁን ቤት ውስጥ ሆናችሁም አትሥሩ። ብረት ስትበሱ ቲዩቦቹን አውጡ፣ የውስጡን ዕቃ በጨርቅ ሸፍኑ፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ሁሉን ታጠፋለች።

የሽቦው ልዩነት ፒን 1 ላይ ነው። በሳጥኑ ውስጥ በካፓሲተር ያሰርነውን፣ እዚህ በቀጥታ፣ በአጭርና በወፍራም ሽቦ፣ እዚያው ሶኬቱ አጠገብ ከሻሲው ጋር እናገናኘዋለን። ፍሳሹ በሻሲው ወደ ኧርዝ ይሂድ፣ የድምፁን ግራውንድ አይንካ። ፒን 1ን ወደ ውስጥ ወስዶ ከድምፅ ግራውንድ ጋር መበየድ ፋብሪካዎችም ሲሠሩት የኖሩት ስህተት ነው። የድምፅ ባለሙያው ኒል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 «የፒን 1 ችግር» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

ሴኮንደሪው ከላይ እንዳልነው ነው፤ የታችኛው ጫፉ ግን ወደ ሻሲው ሳይሆን የመጀመሪያው ቲዩብ ግራውንድ ወደሚያርፍበት ነጥብ ይሂድ። ትራንስፎርመሩን ከመብራት ትራንስፎርመሩ በተቻለ መጠን አርቁት። በብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት በወፍራም ቴፕ ጊዜያዊ ቦታ ስጡት፣ አምፑን ዝጉና አብርታችሁ ስሙ። ካልተስማማችሁ እንደገና አጥፉ፣ ንቀሉ፣ የካፓሲተሮቹን ኃይል አፍሱ፣ ለኩ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ይህን መድገም ይሰለቻል፤ ግን አትዝለሉት።

ኧርዙን በተመለከተ፣ የድሮ አምፕ ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ነው ያለው። ባለ ሦስት ሽቦ ቀይሩለትና አረንጓዴና ቢጫውን ከሻሲው ጋር በብሎን እሰሩት። እንደ እኔ የአሜሪካ 120 ቮልት አምፕ በስቴፕ ዳውን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ስቴፕ ዳውኑ ኧርዙን ማሳለፉን በመልቲሜትር አረጋግጡ። ብዙዎቹ አያሳልፉም። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም የኧርዝ ቦታ ስላለው ብቻ አትመኑት፤ ከጀርባው ሽቦ የሌለው ሞልቷል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩ።

ኤክስኤልአር ለሌለው ላፕቶፕና ቴሌቪዥን

ምንጫችሁ አርሲኤ ብቻ ቢኖረውም ሳጥኑ ይሠራል፣ ገመዱን እንዲህ ከሠራችሁት። ሁለት ሽቦ በአንድ ሽልድ የተጠቀለለበት የማይክ ገመድ ውሰዱ። የአርሲኤው መሃል ፒን ወደ ፒን 2፣ ቀለበቱ ወደ ፒን 3 ይሂድ። ሽልዱን በአርሲኤው በኩል ከቀለበቱ ጋር፣ በሌላው በኩል ከፒን 1 ጋር በይዱ። አሁን ድምፁን የሚመልሰው ሽቦና ሽልዱ የተለያዩ ናቸው፤ ፍሳሹ ድምፁ በሚሄድበት ሽቦ አይሄድም። ለላፕቶፕ በአርሲኤው ምትክ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ አድርጉ፤ ግራው ወደ አንዱ ሶኬት፣ ቀኙ ወደ ሌላው፣ የጋራ ግራውንዱ ወደ ሁለቱም ፒን 3። የእኔ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ተሰክቶ በዚህ ገመድ ነው የሚጫወተው። እንዲህ ያሉ ምንጮች ከ2 ቮልት በላይ ስለማይሰጡ መቀነሻው የሌለበትን አሠራር ተጠቀሙ፤ አለዚያ ድምፁ ይኮሰምናል።

ሁለቱንም ዓይነት ምንጭ የምትጠቀሙ ከሆነ 6.8 ኪሎኦሙን የምትዘልና ጭነቱን የምትቀይር ባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ ማጥፊያ መጨመር ይቻላል። ሳጥኑ ላይ ግን የትኛው ወገን 4 ቮልት እንደሆነ በማርከር ጻፉበት። እኔ አልጻፍኩም፤ አሁን በየጊዜው ክዳኑን እየፈታሁ ነው የማየው።